ካባ፦ የሚደረብ ክብር፣ የሚለበስ ሽፋን

ሽሮ ሜዳ ካሉት የባህል ልብስ ሱቆች ወደ አንዱ ገብቶ ካባ እንዲያሳዩት የሚጠይቅ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ከፊቱ የሚዘረጋለት በጥቁር ወይም በወይን ጠጅ ከፋይ ላይ በወርቃማ ክር የተጠለፈ፣ እጅጌ የሌለው፣ አንገት ላይ ተያይዞ በትከሻና በጀርባ የሚወርድ የሙሽራ መደረቢያ ነው። ይኸው ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ የፖለቲካ ክርክር የሚያዳምጥ ከሆነ ያንኑ ቃል በፍጹም ሌላ መልኩ ያገኘዋል። «የሃይማኖት ካባ ለብሰው»፣ «የብሔር ካባ ተላብሰው»፣ «በጋዜጠኝነት ካባ ተሸፍነው» የሚሉት ሐረጎች በመግለጫ፣ በስብሰባና በማኅበራዊ መገናኛ ብዙኃን እጅግ ከመለመዳቸው የተነሣ፣ ካባ ምን ዓይነት ልብስ እንደሆነ ለአፍታ እንኳ ሳያስቡ የሚናገሯቸው ብዙዎች ናቸው።

አንድ ቃል ክብርንና ማታለልን እንዴት አብሮ ሊሸከም ቻለ የሚለው ጥያቄ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ብቻ የሚተው አይደለም። ቃሉ ዛሬ በሰው ላይ የሚሰነዘር ክስ ሆኗል፤ ክሱ ደግሞ የሰውን እምነት፣ ሙያና ማንነት የሚነካ ነው። ስለዚህ ካባ ከየት እንደመጣ፣ ማን ለማን ይሰጠው እንደነበረና አማርኛ ከየትኞቹ ግሦች ጋር እንደሚያጣምረው ቀረብ ብሎ ማየት፣ በየዕለቱ የምንወራወረውን ቃል ክብደት ለማወቅ ይጠቅማል።

የደጋው ሰው የውጭ ልብስ በሁለት ወገን ሊከፈል ይችላል። ሸማ፣ ነጠላ፣ ኩታ፣ ጋቢና ቡሉኮ ከሸማኔው እጅ እንደወረዱ፣ ዘርፍ ለዘርፍ ከመጋጠም በቀር በሰውነት ልክ ሳይቆረጡና ሳይሰፉ የሚለበሱ ናቸው። የእነዚህ ልብሶች ትርጉም ያለው በጨርቁ ላይ ሳይሆን በአለባበሱ ላይ ነው። ያችው ነጠላ ጥለቷ ወደ ላይ ተገልብጦ ስትለበስ ሐዘን ትናገራለች፤ ያው ሸማ በታላቅ ሰው ፊት ሲታደገደግበት አክብሮት ይሆናል፤ ባለቤቱ እንደገና ሲያጣፋው ደግሞ ወደ ዘወትር ልብስነቱ ይመለሳል። ለባሹ ትርጉሙን በእጁ ያደርገዋል፣ በእጁም ይፈታዋል። ካባ ግን በመቀስ ተቆርጦ በመርፌ የተሰፋ ልብስ ነው። ትርጉሙ በጥልፉና በቅርጹ ውስጥ አስቀድሞ ተቋጥሮ ስላለ፣ የለበሰው ሰው ማንም ይሁን ማን ትርጉሙን አብሮ ይለብሰዋል። ኋላ የምናየው ችግር ሥሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ከካባ በፊት ለምድ ነበረ። ለምድ ከነጸጉሩ የለፋ የእንስሳ ቆዳ ሲሆን፣ ከበግ ሲሠራ እረኛውና ገበሬው ብርድ የሚከላከሉበት፣ ከአንበሳ ወይም ከግሥላ ሲሠራ ደግሞ የጦር ሰው ጀግንነቱን የሚያሳይበት ልብስ ነበር። ቆዳው በትከሻ ላይ ሲጣል የእንስሳው እግሮች በለባሹ ደረትና ጎን ላይ ይንጠለጠላሉ። በኋላ ዘመን የመኳንንቱ ለምድ ከባሕር ማዶ በመጣ ከፋይና ሐር ሲሠራ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ያንን መልክ አልተዉትም፤ በእግሮቹ ፋንታ እንደ ምላስ እየረዘሙ የሚወርዱ ቅጣዮችን ሰፉለት፣ በወርቅና በብር ክርም ጠለፉት። በቤተ ክርስቲያን ካባ ላንቃ በሚባለው ልብስ ላይ የሚታዩት ተንጠልጣዮች ለእኔ የዚያ የአውሬ ቆዳ ትዝታ ናቸው። እንግዲህ ካባ የምንለው ልብስ በቅርጹ የአገር ቤት፣ በጨርቁ የባሕር ማዶ ነው። ይህን መያዝ ያስፈልጋል፤ የስሙን ምንጭ ስንፈልግ ቅርጹንና ጨርቁን ለያይተን ማየት ይኖርብናልና።

ለግእዝ ተማሪ ጆሮ ካባ የሚለው ስም እንግዳ አይመስልም። በግእዝ «ካዕበ» ማለት ደገመ፣ ዕጥፍ አደረገ ማለት ነው፤ ከግዕዝ ቀጥሎ ያለው የፊደላችን ድምፅ «ካዕብ» የተባለውም ሁለተኛ ስለሆነ ነው። በአማርኛም ድንጋይ በድንጋይ ላይ መደርደርን የሚገልጸው «ካበ»፣ ከእርሱ ጋር የሚሄደው «ካብ»፣ ድንጋይ ተፈልፍሎ የሚወጣበት «ካባ»፣ እንዲሁም ሰውን በውዳሴ ከፍ ከፍ ማድረግን የሚገልጸው «መካብ» አሉ። ልብስ በልብስ ላይ ማድረግም መደጋገም፣ መደረብ ስለሆነ ካባን ከዚህ ቤተሰብ መቁጠር ልብ የሚማርክ ሐሳብ ነው። ነገር ግን አማርኛ ራሱ አይደግፈውም። ለልብስ የምንጠቀምበት ግሥ «ደረበ» ነው፤ ጋቢ ካበ፣ ኩታ ካበ የሚል አማርኛ ተናጋሪ የለም። የቃሉ ምንጭ «ካበ» ቢሆን ኖሮ ግሡ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንኳ ከልብስ ጋር በተገናኘ ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ወደ ዐረብና ፋርስ ይወስደናል። በዐረብኛ «ቀባእ»፣ በፋርስ «ቀባ» የሚባል ከፊት የሚከፈት ረጅም ልብስ አለ፤ ስሙም ብዙ አገር ዞሯል። የጆርጂያ ሴቶች ባህላዊ ቀሚስ ካባ ይባላል፣ የስፔን ሰዎች ካፖርትን ጋባን ይሉታል፤ በ2017 ዓ.ም. ብሩኔይ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ማሌዥያ፣ ሲንጋፖርና ታይላንድ በጋራ በዩኔስኮ ያስመዘገቡት ከባያ የተባለ የሴቶች ልብስም ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ቃል ጋር ይዛመዳል። ይሁን እንጂ ከዐረብኛ በቀጥታ ወደ እኛ የገባ ቃል «ቃፍ» የተባለውን ድምፅ በ«ቀ» ይዞ መቅረቱ የተለመደ ነው፤ ቃዲ ስንል ይህ ይሰማል። በየመንና በሱዳን ንግግር ደግሞ ያ ድምፅ ወደ «ገ» ያዘነብላል። ከእነዚህ በአንዱ መንገድ ቢመጣ ኖሮ ቀባ ወይም ገባ እንል ነበር እንጂ ካባ አንልም። የሚቀረው የቱርኮች መንገድ ነው፤ ቱርኮች ያንን ድምፅ ወደ «ከ» አቅልለው ይናገሩታል፣ እ.ኤ.አ. ከ1557 ጀምሮ ምጽዋን ይዘው ነበር። ይህ መንገድ ሊናቅ አይገባም።

እኔ ግን ወደ ሦስተኛው አዘነብላለሁ። በኋለኛው ዘመን ላቲን «ካፓ» የተባለው እጅጌ የሌለው መደረቢያ በፖርቱጋልኛ፣ በስፔንኛና በጣሊያንኛ ከሞላ ጎደል በዚያው ስም ቀጥሏል። ፖርቱጋሎች በመልእክተኛነት እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አገራችን መጡ፤ በ1541 ደግሞ በክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ የሚመሩ ወታደሮቻቸው ገቡ፤ ኢየሱሳውያን ካህናትም ተከትለዋቸው እስከ አሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ሠላሳዎቹ ዓመታት ድረስ ቆይተዋል። «ፐ» ለአማርኛ አፍ ባዳ ድምፅ ስለሆነ ወደ «በ» መለወጡ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በገጠር ፖሊስን ቦሊስ የሚሉ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። የልብሱም ዓይነት ይስማማል፤ ቀባእ እጅጌ ያለው ቀሚስ መሰል ልብስ ሲሆን ካፓ እንደ ካባ በትከሻ ላይ የሚጣል ነው። ይህ ግምት ከያዘ፣ ከጣሊያንኛው «ካፖቶ» የመጣው ካፖርትም የካባ የሥጋ ዘመድ ይሆናል፤ ካፖቶ ከካፓ የወጣ ቃል ነውና። ከዚህም አልፎ የአውሮፓ ሰዎች ትንሿን የጸሎት ቤት የሚጠሩበት ስም ከዚሁ ሥር የተገኘ ነው፤ በአራተኛው ክፍለ ዘመን ወታደሩ ማርቲን ብርድ ላይ ለወደቀ ለማኝ ከፍሎ የሰጠው ካባ ቅርሱ የሚጠበቅበት ቤት «ትንሿ ካባ» ተብሎ ነበር።

የተሰፋ ልብስ ስም ከውጭ መምጣቱ ሊያስደንቅ አይገባም። ቀሚስ ከዐረብኛ ጋር የምንጋራው፣ ከኋለኛው ላቲን «ካሚስያ» ጋር የሚዛመድ ቃል ነው፤ በርኖስ፣ ኮት፣ ከረባት ሁሉም መንገደኞች ናቸው። ስሙ ከጨርቁ ጋር ይጓዛል። በእኔ አስተያየት ካባ በእንግድነት ገብቶ አገሬ የሆነው «ካበ» የሚለውን ቃል ቀድሞ በሚያውቅ ጆሮ ላይ ስላረፈ ነው፤ ሰውን መካብና ካባ መደረብ በድምፅም በሐሳብም ስለሚቀራረቡ እንግዳው ቃል የቤት ልጅ መሰለ።

የቃሉ ሥር ይህ ከሆነ የትርጉሙ ሥር ደግሞ በስጦታ ላይ ነው። ካባ ከላይ ወደ ታች የሚሰጥ ልብስ ነበር። ንጉሥ የሾመውን ወይም በጦር ሜዳ የሠራለትን ሰው በፊቱ አስቁሞ ያለብሰው ነበር፤ ያ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ስለ ሹመቱ ብዙ መናገር አያስፈልገውም፣ በትከሻው ላይ ያለው ልብስ ይናገርለታል። «ሸለመ» የሚለው ግሣችን ይህን ታሪክ ዛሬም ይዞታል፤ አስጌጠ ማለትም ነው፣ በስጦታ አከበረ ማለትም ነው። ሽልማት ማለት በመጀመሪያ በሰውነት ላይ የሚታይ ጌጥ ነበርና። ይህ ልማድ የእኛ ብቻ አልነበረም። በእስልምናው ዓለም ገዢዎች ለባለሟሎቻቸው የሚሰጡት የክብር ልብስ «ኺልዓ» ይባል ነበር፤ የስሙ ሥር ማውለቅ ማለት ሲሆን፣ ገዢው ከራሱ ትከሻ አውልቆ መስጠቱን ያመለክታል። በመጽሐፈ አስቴርም ንጉሡ ሊያከብረው የወደደው ሰው ንጉሡ ራሱ የለበሰው ልብስ እንዲለብስ ሐማ ሲመክር እናነባለን፤ ልብሱ ግን ለራሱ ሳይሆን ለመርዶክዮስ ሆነ። ንጉሡም ቢሆን ራሱ ካባውን ከሌላ እጅ ይቀበላል። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ በወርቅ ያጌጠው የንግሥ ልብስ ከዘውዱ፣ ከሰይፉና ከበትሩ ጋር የተሰጣቸው በቤተ ክርስቲያን አባቶች ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነጥብ ይህ ነው፤ አማርኛ ይህን የመስጠትና የመቀበል ሥርዓት በሰዋስው ውስጥ አስቀምጦታል። ክብርን ስንገልጽ «ካባ ተደረበለት»፣ «ካባ አለበሱት» እንላለን። አድራጊው ሌላ ሰው ነው፣ ባለ ካባው ተቀባይ ነው፤ «ለት» የምትለዋ ቅጥያ ነገሩ ለእርሱ እንደተደረገለት ትመሰክራለች። ማታለልን ስንገልጽ ግን ግሡ ይገለበጥና «ካባ ለበሰ»፣ «ካባ ተላበሰ» ይሆናል፤ አሁን አድራጊው ባለ ካባው ራሱ ነው። ሌላ ሰው የደረበለት ካባ ምስክር አለው፤ ራሱ ያነሣው ካባ ምስክር የለውም። ቋንቋው ሳያስተምረን ያስተማረን ነገር ቢኖር ካባን የክብር ወይም የሐሰት የሚያደርገው ከማን እጅ መምጣቱ መሆኑን ነው።

የመግፈፍ ግሥም በዚሁ መንገድ ሊታይ ይገባዋል። ቆዳ ይገፈፋል፣ ልብስ ይገፈፋል፣ ማዕረግም ይገፈፋል። አንድ ሹም ከሥልጣኑ ሲወርድ «ማዕረጉን ተገፈፈ» የምንለው ማዕረጉ በአንድ ወቅት በትከሻው ላይ የሚዳሰስ ነገር ስለነበረ ነው። በዛሬው ክርክር ውስጥ «ካባቸውን እንገፍፋለን» የሚል ሰው ሳያውቀው የአንድ ጥንታዊ ሥርዓት ቃል እየተናገረ ነው፤ ልዩነቱ ያኔ የሚገፈው የሰጠው ሰው መሆኑ፣ ዛሬ ግን ማንም በማንም ላይ መነሣቱ ነው።

ለምድም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶታል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ላይ የበግ ለምድ ለብሰው ስለሚመጡ ነጣቂዎች ተኩላዎች የተነገረው ቃል በአማርኛ ተረትና ንግግር ውስጥ ሥር ሰድዶ «የበግ ለምድ የለበሰ» የሚለው አነጋገር የሐሰተኛ ሰው መጠሪያ ሆኗል። «የእገሌ ካባ ለብሶ» የሚለው የፖለቲካ ሐረግም በዚህ አነጋገር ቅርጽ ላይ የተቀረጸ ይመስለኛል፤ ለምዱን አንሥቶ ካባ ተካበት እንጂ አካሉ ያው ነው። ጋቢና ነጠላ፣ ኩታና ቡሉኮ እንዲህ ያለ ስም አለማትረፋቸው ልብ ይሏል። «የጋቢ ሽፋን» የሚል ክስ ማንም ሰምቶ አያውቅም። ከውጭ ልብሶቻችን ሁሉ የማታለያ ስም ሆነው የቀሩት የክብር ልብሶች የነበሩት ሁለቱ ናቸው፤ ምክንያቱም ሐሰት የሚሻው ዋጋ ያለውን ልብስ ነው።

እዚህ ላይ አሁን ስላለንበት ሁኔታ ግልጽ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። «በሃይማኖት ስም የሚነግድ» እና «የሃይማኖት ካባ የለበሰ» የሚሉት ሁለት ክሶች አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ድርጊትን ይከሳል፤ መነገዱን ያመለክታል፣ ስለዚህም ምን ሸጠ፣ ማንን አታለለ፣ ምን አተረፈ ተብሎ ሊጠየቅና ሊረጋገጥ ይችላል። ሁለተኛው ግን የሰውየውን ማንነት ይከሳል። እምነቱ ልብስ ነው፣ ከሥሩ ሌላ ሰው አለ ይላል፤ ያ ሌላ ሰው ማን እንደሆነ ግን ብዙውን ጊዜ አይናገርም። ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው ደረጃ ሙሉ ነው፣ በማስረጃ ደረጃ ግን ግማሹ የለም። የተከሰሰው ሰው ምን ብሎ ይከላከላል? እውነተኛ አማኝ መሆኑን ቢናገር ካባውን አጥብቆ ያዘ ይባላል፤ ዝም ቢል ተጋለጠ ይባላል። ጋዜጠኛን «የጋዜጠኝነት ካባ የለበሰ» ማለትም እንዲሁ ነው። ሥራው ስሕተት ካለበት የትኛው ዘገባ፣ የትኛው መስመር እንደሆነ ማሳየት ይቻል ነበር፤ ካባ የሚለው ቃል ይህን ድካም ያስቀራል፣ ሰውየውንም ከነሙያው ይገፈዋል።

ይህን የምለው ካባ የሚለብሱ አታላዮች የሉም ለማለት አይደለም። አሉ፤ ቃሉም ለእነርሱ ትክክለኛ ስም ነው። ነገር ግን በአገራችን በእምነትና በብሔር ላይ የሚሰነዘር ቃል ከአፍ ወጥቶ መንደር ሲያቃጥል ያየን ሰዎች ነን። አንድን ሕዝብ ወይም አንድን ማኅበረ ምእመን በጅምላ «ካባ የለበሰ» ብሎ መጥራት፣ ከካባው በታች ጠላት አለ ብሎ ማወጅ ነው። ስለዚህ ይህን ሐረግ የሚጽፍ ጋዜጠኛ፣ የሚናገር ባለሥልጣንም ሆነ ተቃዋሚ፣ ካባ ያለውን ነገር ስም ከጠራ በኋላ ከሥሩ አየሁ የሚለውን ድርጊት በቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ሊያስረዳ ይገባል። ማስረዳት ካልቻለ «በስም» የሚለው ትሑት ቃል ይበቃዋል።

የክብሩ ወገን ደግሞ በሌላ በኩል እየሳሳ ነው። ዛሬ ካባ የሚሰፋ ሳይሆን የሚከራይ ልብስ ሆኗል፤ በኮምፒዩተር የሚንቀሳቀስ የጥልፍ መኪና በእጅ ረጅም ጊዜ የሚፈጀውን ሥራ በአጭር ጊዜ ያወጣዋል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ወርዷል። ሙሽሮች በተክሊል ሥርዓት ከአክሊሉ ጋር፣ ወይም በመልስ ቀን ካባ ሲለብሱ ቅር የሚለኝ ነገር የለም፤ እንዲያውም ይህ ከጥንቱ ትርጉም ያልራቀ አጠቃቀም ነው፤ ካህን ወይም ቤተሰብ ይደርብላቸዋል፣ ለዚያች ቀን እንደ ንጉሥና ንግሥት ይቆጠራሉ፣ ሲመሽ ያወልቁታል። በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በአውሮፓ ከተሞች የሚያገቡ ልጆቻችን ካባውን ከአዲስ አበባ ድረስ የሚያስልኩት ይህ ትርጉም በእነርሱ ዘንድ ስላልጠፋ ነው። የሚያሳስበኝ በየስብሰባው ለመጣ ባለሥልጣን ሁሉ፣ ስለ ሠራው ሥራ አንድ ቃል ሳይነገር፣ ካባ መደረቡ ነው። ተቀባዩ ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ይደረብለታል፤ በሚቀጥለው ከተማ ሌላ ይጠብቀዋል። ሰጪው ለመሸለም የሚያበቃውን ነገር ሳይመዝን የሚሰጠው ካባ፣ «ለት» የምትለዋን ቅጥያ እንደያዘ ምስክርነቱን ያጣል። ያኔ የተደረበውና የተለበሰው ካባ በተመልካች ዓይን ለመለየት ያስቸግራሉ፤ ሕዝብ ካባን ሁሉ በሽፋንነት መጠርጠር የሚጀምረውም በዚህ ጊዜ ነው። የፖለቲካው ሐረግ እንዲህ መስፋፋቱ ከዚህ ልማድ ጋር ግንኙነት አለው ብዬ አምናለሁ።

ከካባ ጎን ለጎን የኖረ ሌላ መደረቢያ አለ። በርኖስ ስሙን ከዐረብኛው «ቡርኑስ» ያገኘ ሲሆን፣ ያም በግሪክና በላቲን ይባል ከነበረው «ቢሩስ» ጋር ይያያዛል። በሰሜን አፍሪካ ቆብ ያለው ነው፤ የእኛው ቆብ የለውም፣ በቀኝ ትከሻው ላይ ግን ወደ ላይ የቆመ ሹል ጫፍ አለው። የመንዝ ሰዎች ከበጎቻቸው ጥቁር ሱፍ ፈትለውና ሸምነው ያዘጋጁት ነበር፤ ለባሹ በገዛ በጉ ሱፍ ያሠራዋል ወይም ከገበያ ይገዛዋል። ንጉሥ እንዲደርብለት የሚጠብቅ አልነበረም። ምናልባትም ለዚህ ይሆናል «የእገሌ በርኖስ ለብሶ» የሚል ስድብ በቋንቋችን ያልተፈጠረው። ዛሬ ልብሱ ከገበያ እየጠፋ ስሙም አብሮት እየጠፋ ነው፤ ከከተማ ልጆች መካከል በርኖስን በዓይኑ ያየ ጥቂት ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን ጳውሎስ ታስሮ ሳለ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ በጢሮአዳ ከአክርጳ ዘንድ የተወውን በርኖስና መጻሕፍቱን እንዲያመጣለት ይለምነዋል። ተርጓሚዎቹ ካባ ሊሉት ይችሉ ነበር፤ ግን የደጋውን ብርድ ያውቁ ነበርና በርኖስ አሉት። ጥቂት ቁጥሮች ዝቅ ብሎ ከክረምት በፊት እንዲመጣ ያሳስበዋል።